የእናቴ የእሾህ አክሊል

እናቴ ያቺን ተክል ከእኔ አብልጣ ትወዳት ነበር። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ «ይለቅሻል» ብላኝ ወደ ሥራዋ የምትሄድ ሴት፣ ከተክሏ ላይ አንድ ቅጠል ሲረግፍ ግን ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ትነካካ፣ ግንዱን ትዳብስ፣ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ጠቁሮ ይውል ነበር። ልጅ ሆኜ ቀናሁባት። አድጌም አልተወኝም።

ተክሏ ፒያሳ፣ እሪ በከንቱ ባለው ግቢያችን፣ ከእናቴ በር በስተግራ፣ አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የምትኖረው። ግንዷ አመድማ ነው፤ ከላይ እስከ ታች እሾህ። አበባዋ ጥቃቅንና ደም የመሰለ ቀይ ሲሆን በጋ ከክረምት አይጠፋም። ስትቆረጥ ነጭ ወተት ታፈሳለች፤ ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ጣጣው ብዙ ነው። በአጠገቧ ያለፈ ሰው ነጠላውን ወይም ሹራቡን ሳያስይዝ አይሄድም። የሰፈሩ ሰው የእሾህ አክሊል ይላታል፤ የጌታ አክሊል የተጎነጎነው ከእሷ ነው ብሎም ያምናል። አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን የመጣ የእርሻ ባለሙያ፣ ይህ ተክል የተገኘው ከአንዲት ደረቅ ደሴት ነው፣ ኢየሩሳሌምን አያውቃትም አለኝ። ለእናቴ ብነግራት «እሱ ነበረ እንዴ ሲሰቅሉት?» ብላ ዘጋችኝ።

የምታጠጣት በሳምንት አንድ ስኒ ውኃ ነው፤ ከዚያ አታሳልፍም። «የበረሃ ልጅ ናት፣ ብዙ አትወድም» ትላለች። እኔ እንዳጠጣት አይፈቀድልኝም ነበር። «አንቺ እጅሽ አያውቅም፤ ታበዢያለሽ።» ስለ ጨውም ስለ ሽሮም የምትለኝ ይህንኑ ነው።

ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ቲቸር ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት አስተማሪ ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው። የግቢው ሰው በሙሉ ቲቸር ነው የሚላቸው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ድሮ ከእናቴ ጋር አንድ ነፍስ ነበሩ። በዐቢይ ጾም ቲቸር ዶሮ ሲሠሩ እናቴን እንዳይሸታት መስኮታቸውን ዘግተው፣ በገዛ ጭሳቸው እየሳሉ ያበስሉ ነበር። እናቴ ደግሞ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ስትቀቅል የመጀመሪያው ሳህን የሚሄደው ወደ ቲቸር ቤት ነው።

የተጣሉት በዚህችው ተክል ነው። አንድ ዓመት ለትንሣኤ በቲቸር ቸርች የልጆች ድራማ ተዘጋጀ። ጌታን ሆኖ ለሚሠራው ልጅ አክሊል አስፈለገ። ቲቸር መቀስ ይዘው ወጡ፤ እናቴ የለችም፤ ዛሬ ብታጣ ነገ ታበቅላለች ብለው ሦስት ቅርንጫፍ ቆረጡ። ቀኑ ስቅለት ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ ስትሰግድ ውላ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ አፏ ውኃ ሳይነካ ግቢ ስትገባ፣ ሦስቱ ጉቶዎች ነጭ ወተት እያንጠባጠቡ አገኘቻቸው።

«ለጨዋታ! በስቅለት ቀን፣ ለልጆች ጨዋታ!» ስትል የጮኸችው ጩኸት እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

ቲቸር ይቅርታ ጠየቁ። ደጋግመው ጠየቁ። መጨረሻ ላይ ግን ሲመራቸው «እኔ እኮ ያጠፋሁት ተክል ነው፣ ታቦት አይደለም» አሉ። በዚሁ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እናቴና ቲቸር በየበራቸው ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ እግዜር ይመስገን ሳይባባሉ ዓመታት አለፉ። አስታራቂ ሽማግሌ ሲመጣ እናቴ የምትመልሰው «እሷን ተክሏን ጠይቋት» እያለች ነው።

የተኳረፉት እነሱ ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር። ግቢው አምስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ ነው። የቧንቧው ቁልፍ የሚቀመጠው መጨረሻው ቤት ካለችው ሴት ዘንድ ነው፤ ባለቁልፏ እንላታለን። ደጃፉ ላይ ባለሱቋ አለች፤ እሷና ባለቁልፏ በውኃ ተራ ተቧጭቀው እሳት አይጫጫሩም። ከእነሱ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ይኖራሉ፤ እሳቸው ደግሞ የስፌት መኪናቸው እንቅልፍ ነሳን ያሏቸውን ሁለቱንም ሴቶች ቀና ብለው አያዩም። ሁሉም ግን የእናቴን ምላስ ይፈራሉ። ስለ እኛ ሰፈር ፍቅርና መተሳሰብ በሬዲዮ ሲወራ ስሰማ ሳቄ ይመጣል።

እናቴ የወደቀችው እዚያችው ቧንቧ ሥር ነው። ድንጋዩ ሙልጭልጭ ብሎ ነበር፤ አዳለጣትና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትወጣ እኔ ቤት አመጣኋት፤ ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። አልጋዬን ለቀቅኩላት። ገና ትራሷን ሳላስተካክል «ቤቴ» አለች።

እውነቷን ነበር። ያኔ ፒያሳ የሚፈርሰው እየፈረሰ፣ የሚቆፈረው እየተቆፈረ ነው። የእኛ ግቢ ተራው አልደረሰም፤ እንደሚደርስ ግን ማንም አያጣውም። ሲፈርስ የሚኖርበት ሰው ምትክ ያገኛል፤ የቀበሌ ቤት ዝግ ሆኖ ከተገኘ ግን ይታሸጋል፣ ባለቤቱም ባዶ እጁን ይቀራል። እናቴ ከዚያች አንዲት ክፍል በቀር በዚህ ዓለም ላይ የኔ የምትለው ነገር አልነበራትም።

«ሬሳዬ ከሰው ቤት አይወጣም» አለችኝ። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

እኛ ሰፈር ባለቤቱ የታመመበትን ቤት ጎረቤት ሰው ያለበት ያስመስለዋል። ሲመሽ መብራቱን ያበሩለታል፣ ደጁ ላይ ነጠላ ጫማ ያስቀምጡለታል፣ እርጥብ ጨርቅ ገመዱ ላይ ጣል ያደርጉለታል። የእናቴ ቤት ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነበረው፤ በሩ ላይ ያበበች ተክል። ተክሏ ካበበች የሚያጠጣት አለ ማለት ነው። እኔ ሥራዬ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ስለሆነ መብራቱንና ጨርቁን ችዬው ነበር። ተክሏን ግን እናቴ ለእኔ አልሰጠችኝም። አልጋዬ ላይ ተጋድማ ስልኳን አነሳችና ባለሱቋ ዘንድ ደወለች።

«አንቺን ብቻ ነው የማምነው። አንዲት ስኒ በሳምንት። አደራሽን፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ስልኩን ዘጋችና ባለቁልፏ ዘንድ ደወለች። «አንቺን ብቻ ነው የማምነው» አለቻት። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ዘንድ ደወለች። እሳቸውንም ብቻ ታምናቸው ነበር።

«ለምን ለሁሉም ባንድ ላይ አትነግሪያቸውም፣ እማዬ?» አልኳት።

«ሁሉም ካወቁ አንዱ ባንዱ ላይ ይጥለዋል፤ ማንም አያጠጣትም» አለች። በዚህ የምትኮራበት ትመስላለች።

አደራ የተባለ ሰው አንድ ስኒ አጠጥቶ አይተኛም። ያውም የእናቴ አደራ። ውኃ በፈረቃ ነበር፤ ፈረቃውም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ሳምንት ይጠፋል። ያን ጊዜ በግቢው ውስጥ ሰው ፊቱን የታጠበበትን ውኃ ለወለል ያስቀምጥ ነበር። ባለሱቋ ጎህ ሲቀድ ሱቋን ሳትከፍት ከጀሪካኗ ቀድታ ታጠጣለች። ባለቁልፏ ሰዉ ምሳ ሲገባ ትመጣለች። ልብስ ሰፊው መኪናቸውን ሲከድኑ የሩዝ እጣቢ ይዘው ብቅ ይላሉ፤ ለአበባ ጥሩ ነው ተብለዋል። ማንም ማንንም አያይም፣ ምክንያቱም ዱሮውንም አይተያዩም።

መብራት ለማብራት ስሄድ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ቅጠሏ በዝቶ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ አይታ የማታውቀው ምቾት አገኘች። ለእናቴ ስነግራት «ባለሱቋ የተባረከች ናት» አለች፤ ትንሽ ቆይታ «ወይም ባለቁልፏ» አለች። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ሦስቱም በየተራ ጥግ እየያዙ «ጠምቷት ነው፣ እጨምርላታለሁ» ብለው በሹክሹክታ ነገሩኝ። እኔም የጠማት መሰለኝ። አታጠጪ የተባልኩ ሰው ምን አውቃለሁ።

አንድ ማክሰኞ ባለሱቋ ቢሮ ደወለችልኝ። «ኧረ ድረሽ! ከወረዳ ቤት ቆጣሪዎች መጥተዋል!»

ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ስደርስ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት በእናቴ በር ላይ ቆመዋል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ወጥተዋል። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን እነሱ ቀድመውኝ ጉድ አፍልተው ቆይተዋል። ባለሱቋ «ጠበል ሄዳ ነው» ብላለች። ባለቁልፏ ያንን ሳትሰማ «ሠርግ ተጠርታ ደብረ ብርሃን ሄዳለች» ብላለች። ልብስ ሰፊው ደግሞ «ውስጥ ተኝታለች፣ አታስቸግሯት» ብለዋል። ቢነጋገሩ ኖሮ አንድ ውሸት ይበቃቸው ነበር።

«እማማ፣ ሙድ አትያዙብን» አለ ወጣቱ ቆጣሪ ባለቁልፏን። «የትኛው ነው እውነቱ?»

ዞር ብሎ ቲቸርን አያቸው። በራቸው ላይ ቆመዋል። «እርስዎስ እናት? እዚህ ይኖራሉ ሴትየዋ?»

ቲቸር ውሸት አይናገሩም። በዚያች ሰዓት ግን እውነቱን መናገርም አልፈለጉም። «ቤቷ ነው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኔ መታመሟን፣ መሰበሯን፣ እንደምትመለስ ተናገርኩ። ሴቷ ቆጣሪ ጥሩ አድርጋ ሰማችኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረችም። ወጣቱ ግን ጎንበስ ብሎ የተክሏን ግንድ በእስክሪብቶው ነካ አደረገው። ግንዱ እንደ በሰለ ሙዝ ተልፈሰፈሰና በጎኑ ወደቀ። ቅጠል አንድም አልቀረባትም።

«ተክሏን እንኳ ውኃ የሚያጠጣት ሰው የለም» አለ። «ደርቃ ሞታለች። ስንት ወር ሆነው ቤቱ ከተዘጋ?»

በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ማኅተም መቱበትና ሄዱ። በኋላ አቤት ብያለሁ፣ የሆስፒታል ማስረጃ አቅርቤያለሁ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቻለሁ። የሰማኝ ሁሉ አዘነልኝ። ቤቱ ግን እስከ ፈረሰበት ቀን ድረስ እንደታሸገ ነበር፤ ምትክም አልተሰጠንም።

ሰዎቹ እንደሄዱ ቆርቆሮውን አንስቼ ልጥለው ስል ከበደኝ። ዘንበል ሳደርገው ጥቁር፣ የሚሸት ውኃ ድንጋዩ ላይ ተገላበጠ። ቆርቆሮው ከታች ቀዳዳ የለውም፤ በስኒ ለምትኖር ተክል ማን ቀዳዳ ይበሳል? ሥሯ እንደ ገንፎ ሆኗል።

«እኔ እኮ አጠጣት ነበር!» አለች ባለሱቋ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«አንቺ ደግሞ ምን አግብቶሽ? የተነገረኝ ለእኔ ነው» አለች ባለቁልፏ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያነጋገረቻት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

«ለእኔ ነው የተነገረው» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ከሁለቱም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሲጯጯሁ ቆሜ አየኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቶኝ አያውቅም። አንዳቸውም እናቴን ሊጠይቁ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ አልመጡም ነበር፤ ውኃ ጠፍቶ የሰው ልጅ ሲጨነቅ ግን ተክል ሊያሰምጡ ይሽቀዳደሙ ነበር። ያኔ ቲቸር ከበራቸው ሆነው በቀስታ «እኔም አጠጥቻታለሁ» አሉ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ማንም። ቢጫ ስትሆን አየኋት። እሷ ስትመለስ ሞታ እንዳታገኛት ብዬ ነው። ማታ ማታ፣ ሰው ሳያየኝ።»

ለእናቴ ቤቱ መታሸጉን ስነግራት አላለቀሰችም። «ተክሏስ?» አለች። ሞተች አልኳት። ስለ ውኃው ለመንገር አፌን ስከፍት እጇን አወዛወዘችብኝ። «አስጠሟት! አንዲት ስኒ ውኃ ሰሰቱብኝ! ያኖርኳቸው ሰዎች!» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ቀረ። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ ሳህኑን ትገፋዋለች። ስለ ተክሏ ላወራት ስሞክር ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኛለች። እየከሳች ሄደች። ሐኪሙ አጥንቱ እየጠገነ ነው አለ፤ እሷ ግን እያለቀች ነበር።

አንድ እሑድ ጎረቤቶቹ መጡ። በአንድ ታክሲ ተሳፍረው፣ ሙዝና ዳቦ ይዘው። ባለሱቋና ባለቁልፏ ፌስታሉን ለሁለት ነበር የያዙት። እናቴ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። ሻይ ጠጡ፣ ተነሱ፣ ወጡ። ደረጃው ድረስ ስሸኛቸው ልብስ ሰፊው «ቲቸርም መጥታለች፣ ታች ናት» አሉኝ።

አብሬያቸው ወረድኩ፤ ሦስቱ ወደ ታክሲው ተራ ቀደሙ። ቲቸር ደረጃው ሥር፣ የመጀመሪያው እርከን ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል።

«ለምን አይወጡም?»

«ሳትፈቅድ አልወጣም፣ ልጄ። ሂጂና ጠይቂልኝ። ያደረግኩትንም ንገሪያት። ከፈቀደች እንደምንም እወጣዋለሁ።»

ያንን ደረጃ ስወጣ ልቤ በተስፋ ተሞልቶ ነበር። ሞኝ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ እናቴን አላውቃትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። እንዳልሰሰቱባት፣ ሦስቱም ከሚጠጡት ቀንሰው እንዳጠጧት፣ ተክሏ በጥማት ሳይሆን በውኃ ብዛት እንደሞተች። ቀስ ብላ ዞረችና አየችኝ።

«ሦስቱም?»

«አራቱም። ቲቸርም አጠጥተዋታል። ማንም ሳይነግራቸው፣ ማታ ማታ። አሁን ታች ተቀምጠዋል። ልውጣ ወይ ይሉሻል።»

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ልታለቅስ ነው ብዬ እጇን ያዝኩ። እጇን ቀማችኝና በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች፤ ከወደቀች ጀምሮ እንደዚያ ቀና ብላ አታውቅም።

«እኔስ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች። መስኮቱ ክፍት ነበር። «ያቺ ሴትዮ ናት የጨረሰችኝ! በሦስቱ አትሞትም ነበር! አራተኛዋ ናት የገደለቻት! በመቀስ የጀመረችውን በውኃ ጨረሰችው! ቤቴን ያሳጣችኝ እሷ ናት!»

«እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ይሰማሉ።»

«ትስማ!»

ጉንጯ ቀልቷል። ዓይኗ በርቷል። የምትጠላው ሰው አግኝታ እፎይ አለች፤ በዓይኔ ያየሁት እፎይታ ነው። ከዚያ ምሳ አምጪልኝ አለችኝ። ሽሮ አቀረብኩላት፤ ሳህኑን አጽድታ በላች። እየበላች ሳያት ጠላኋት። እናትን ሰው አይጠላም ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን ጠልቻታለሁ።

ታች ስወርድ ቲቸር ተነስተው ነጠላቸውን እያራገፉ ነበር። «ተኝታለች» አልኳቸው።

«ሰማኋት» አሉ። የደረጃውን ብረት ይዘው ትንሽ ቆሙ። «ድምጿ ድኗል። ደካክማለች ብለውኝ ነበር፣ አልደከመችም። እግዚአብሔር ይመስገን።» ከዚያ በዚያች ባበጠች ጉልበታቸው እያነከሱ ወደ ታክሲው ተራ ሄዱ። ልሸኝዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ አስፋልቱን ሲሻገሩ አየኋቸውና ተመለስኩ።

እናቴ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀኝ ነበር።

«ሄደች?»

«ሄዱ።»

«በምን?»

«በታክሲ። እስከ ታክሲው ግን በእግራቸው።»

ሳህኑን አቀበለችኝ።

«በዚያ ጉልበቷ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።